ሸክላ መሰብሰብና ሸክላ ማዳመጥ
(በሬዲዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ)

በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ጉዳይ፣ ከቢሮ ሥራ በኋላ ማታ ቤቱ ገብቶ ጥቂት ሙዚቃ ሰምቶ ማረፍ ለሚወድ ሰው የሚስማማ ይመስለናል። ይኸውም ከ1966 እስከ 1968 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ ተቀርጸው የወጡትን፣ «ሳይኬዴሊክ ሮክ» የሚባሉትን ዘፈኖች የያዙ ትልልቅ ሸክላዎች ስለ መሰብሰብና በሚገባ ስለ ማዳመጥ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

መቼም «ዛሬ ዘፈን ሁሉ በኪስ በሚያዝ ስልክ ያለ ድካም በሚሰማበት ዘመን፣ ከስድሳ ዓመት ገደማ በፊት የታተመ፣ ሽፋኑ የተላላጠ፣ አቧራ የጠጣ ሸክላ በብዙ ገንዘብ መግዛት ምን ይጠቅማል?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ግን መልሱን ለመረዳት አይቸግረውም። ዋናው ደብዳቤና ግልባጩ ቃላቸው አንድ ነው ቢባልም፣ ፊርማውና ማኅተሙ ያለው በዋናው ላይ ነው። ከግልባጭ ላይ ግልባጭ እየተወሰደለት የሄደ ጽሑፍ ደግሞ አንዱ ቃል ሲጐድለው፣ አንዱ ቁጥር ሲለወጥበት፣ ያልነበረ ነገር ሲጨመርበት ስንት ጊዜ አይተናል! በሸክላም የሚሆነው ይኸው ነው። ዛሬ በስልክ የሚሰማው ዘፈን በ1967 ዓ.ም. ሰዎች የሰሙት ዘፈን ያልሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ እንዴት እንደሆነ ወደ ኋላ እንገልጻለን።

በመጀመሪያ «ሳይኬዴሊክ» የሚለው ቃል ጥቂት መብራራት ያስፈልገዋል። ቃሉን በ1956 ዓ.ም. የፈጠረው ሃምፍሪ ኦዝመንድ የተባለ፣ በካናዳ ይሠራ የነበረ እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም ሲሆን፣ ነፍስንና መግለጥን ከሚያመለክቱ ሁለት የግሪክ ቃላት አገጣጥሞ ያወጣው ነው። እሱ ስሙን ያወጣው ኤል ኤስ ዲን ለመሳሰሉት፣ የሰውን ስሜትና አስተያየት ለሚለውጡ መድኃኒቶች ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን የቴክሳስ፣ የሳን ፍራንሲስኮና የሎንዶን ወጣት ሙዚቀኞች ቃሉን ወስደው የዘፈናቸው ስም አደረጉት። ይህን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል፤ ከነዚህ ወጣቶች አንዳንዶቹ ብዙ ተጐድተዋልና። የፒንክ ፍሎይድን የመጀመሪያ ሸክላ አብዛኛውን ዘፈን የደረሰው፣ ኤል ኤስ ዲን አብዝቶ ይወስድ የነበረው ሲድ ባሬት፣ አእምሮው ታውኮ በ1968 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ተለየ። የቴክሳሱ ዘፋኝ ሮኪ ኤሪክሰን ደግሞ በ1969 ዓ.ም. ማሪዋና ይዞ ተገኝቶ ቢከሰስ፣ ከእስራት ለመዳን ሲል የአእምሮ ሕመምተኛ ነኝ በማለቱ እስከ 1972 ዓ.ም. ድረስ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተዘግቶበት ኖረ። ስለዚህ ዘፈኑን ማድነቅ ሌላ፣ የዘፋኞቹን አኗኗር መከተል ሌላ መሆኑን አድማጭ ልብ ይለዋል።

ስሙ ከመድኃኒት ይምጣ እንጂ የዘፈኑ ፍሬ ነገር ግን ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች ያደረጉት ትልቁ ነገር የድምፅ መቅረጫውን ክፍል እንደ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መቍጠራቸው ነው። ከዚያ በፊት መቅረጫ ማለት ሙዚቀኛው የሚጫወተውን እንዳለ ተቀብሎ የሚያስቀር፣ እንደ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ያለ ነበር። እነሱ ግን የጊታርን ድምፅ የተቀረጸበትን ክር ወደ ኋላ አስኬዱት፤ የሰውን ድምፅ በኦርጋን ውስጥ በሚሽከረከር ድምፅ ማጕያ አሳለፉት፤ ክሩን ቈራርጠው ጫፍና ጫፉን እያጣበቁ አንዱ ድምፅ ሳያቋርጥ እንዲዞር አደረጉ። ቢትልስ የተባሉት አራቱ የሊቨርፑል ልጆች ኦገስት 5 ቀን 1966 ዓ.ም. ባወጡት «ሪቮልቨር» በተባለው ሸክላቸው ላይ ይህ ሁሉ ይገኛል። በዚያው ዓመት በቴክሳስ፣ ሰርቲንዝ ፍሎር ኤሌቬተርስ የተባሉት ባወጡት ሸክላ ላይ ደግሞ ቶሚ ሆል የተባለው ሰው አፉን ከገንቦ አፍ ላይ አድርጎ፣ ማይክሮፎን አስጠግቶ በድምፁ ያንጐራጕርበት ነበር። ገንቦ የሙዚቃ መሣሪያ ሆኖ ሲሰማ የሚያስቅ ይመስላል፤ ሲሰሙት ግን አያስቅም።

አሁን ወደ ሸክላው እንምጣ። የኛ ሰው ይህን ዕቃ «ሸክላ» ብሎ መሰየሙ ያለ ነገር አይደለም። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዘፈናቸውን ባስቀረጹበት ዘመን ሸክላ የሚሠራው ሼላክ ከሚባል፣ ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ ነበርና፣ ከእጅ ካመለጠ እንደ ጀበና ይሰበር ነበር። በአንድ ደቂቃ 78 ጊዜ ያህል ስለሚዞርም አንዱ ገጽ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ እንጂ ከዚያ በላይ አይዘልቅም። በ1948 ዓ.ም. ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቪኒል ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ፣ በደቂቃ 33 ከሢሶ ጊዜ ብቻ የሚዞር፣ አንዱ ገጽ ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ የሚጫወት ሸክላ አወጣ። ይህ ባይሆን ኖሮ የምንናገርላቸው ሥራዎች አይወለዱም ነበር። ሦስት ደቂቃ የተሰጠው ዘፋኝ አንድ ዘፈን ያስባል፤ አርባ ደቂቃ የተሰጠው ግን መጀመሪያና መጨረሻ ያለው አንድ ድርሰት ለማሰብ ይችላል።

በሸክላው ገጽ ላይ የምናየው መስመር ብዙ ቢመስልም አንድ ብቻ ነው። ከዳር ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ወደ መሐል የሚሄድ ፈር ሲሆን፣ ተዘርግቶ ቢለካ ወደ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መርፌው እንደ ማረሻ በዚህ ፈር ውስጥ ሲሄድ የፈሩ ግድግዳ ይወዘውዘዋል፤ ውዝዋዜውም ወደ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩም ወደ ድምፅ ይለወጣል። በሞኖ ሸክላ መርፌው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፤ በስቴሪዮ ግን የፈሩ ሁለት ግድግዳዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ድምፅ ይይዛሉ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ዘፈኑ ካለበት ክር ላይ ድምፁ ላከር በተቀባ የአሉሚኒየም ሳህን ላይ ይቀረጻል። ከዚያ ሳህን ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል የኒኬል ቅጂ ይነሣል፤ ከቅጂው «እናት» የሚባለው፣ ከእናቱም ማተሚያው ይወጣል። ማተሚያው የጋለውን ፕላስቲክ ይጨፈልቅና ሸክላ ይሆናል። ማተሚያው ግን እንደ ጐማ ማኅተም ሲመታ ሲመታ ይደክማል። በመጀመሪያ የታተመው ጥርት ያለ፣ ኋላ የታተመው የደበዘዘ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ሰብሳቢዎች «የመጀመሪያ እትም» እያሉ የሚደክሙት ከንቱ ኩራት ብቻ ይዟቸው አይደለም፤ ምንም እንኳ ኩራቱም ቢኖርበት።

ከነዚህ ሥራዎች ሁሉ አንዱን ብቻ አንሥተን በሰፊው ብንመለከተው ይሻላል። ቢትልስ በ1963 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሸክላቸውን ሲያወጡ፣ በላዩ ካሉት ዐሥራ አራት ዘፈኖች ዐሥሩን የቀረጹት በአንድ ቀን ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ግን «ሳርጀንት ፔፐር» በሚባለው ሸክላቸው ላይ፣ በሎንዶን አቢ ሮድ በሚገኘው የኢ.ኤም.አይ. ስቱዲዮ፣ ከ1966 ኖቬምበር እስከ 1967 ኤፕሪል ድረስ ሠሩ። የነበራቸው መሣሪያ አራት ድምፅ ብቻ ለያይቶ የሚቀርጽ ነበር። ከዚያ በላይ ሲያስፈልጋቸው አራቱን አዋሕደው ወደ ሌላ ክር ይገለብጡና በተረፈው ስፍራ ላይ አዲስ ድምፅ ይጨምራሉ። በዚህ ላይ ሁሉ አዛዥ የነበረው የሙዚቃ ዕውቀት ያለው ጆርጅ ማርቲን፣ መሣሪያውን ይዞ የነበረው ደግሞ ጄፍ ኤመሪክ የተባለ ወጣት ነው። በመጨረሻው ዘፈን ላይ አርባ ሙዚቀኞች ያሉበት ኦርኬስትራ አስመጥተው፣ ሁለት መቅረጫዎች አንድ ላይ እንዲሄዱ አድርገው ቀረጹ።

ሽፋኑም የተለየ ነበር። ሠዓሊዎቹ ፒተር ብሌክና ጃን ሃዎርዝ፣ ዝነኛ ሰዎችን በሙሉ ቁመናቸው ከካርቶን ላይ ቈርጠው፣ የሰም ምስሎችም ጨምረው፣ አራቱን ዘፋኞች መሐል አቁመው ፎቶግራፍ አስነሡት። በጀርባው ላይ የዘፈኖቹ ግጥም በሙሉ ታተመ፤ ይህም በጊዜው ያልተለመደ ነበር። ሸክላው ሲያልቅ፣ መርፌው መሐል ደርሶ በሚዞርበት የመጨረሻ ፈር ላይ ትርጕም የሌለው የሰዎች ጫጫታ ተቀርጾ ነበርና፣ መርፌውን ካላነሡት ሌሊቱን ሁሉ ይለፈልፋል። ከሱ በፊትም ውሻ እንጂ ብዙ ሰው የማይሰማው ቀጭን ፉጨት አለ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የታተመው ሸክላ ግን እነዚህ ሁለቱም የሉበትም። እንግዲህ ገና በወጣበት ወር እንኳ ሁለት ዓይነት «ሳርጀንት ፔፐር» ነበረ ማለት ነው።

ሦስተኛውና ትልቁ ልዩነት ግን የሞኖና የስቴሪዮ ነው። በ1967 ዓ.ም. የእንግሊዝ ወጣት አብዛኛው ያለው አንድ ድምፅ ማጕያ ያለበት ማጫወቻ ነበር። ስለዚህ ዘፋኞቹ ከመሐንዲሶቹ ጋር ተቀምጠው ብዙ ቀን የደከሙበት የሞኖው ቅንብር ነው። የስቴሪዮው እነሱ በሌሉበት፣ ጆርጅ ማርቲንና መሐንዲሶቹ ብቻቸውን በጥቂት ቀን የጨረሱት ነው። ሁለቱ ጐን ለጐን ሲሰሙ ልዩነቱ ለማንም ይታወቃል። ከቤት ስለ ጠፋችው ልጅ የሚናገረው ዘፈን፣ «ሺስ ሊቪንግ ሆም» የሚባለው፣ በሞኖው ፈጠን፣ ድምፁም ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ በስቴሪዮው ግን ዘገምተኛና ከባድ ነው። እኔ በበኩሌ ዘገምተኛውን ለብዙ ዓመት ሰምቼ ዘፈኑ የሚያለቃቅስ ይመስለኝ ነበር፤ የሞኖውን ስሰማ ግን ልጅቱ በእውነት ቸኩላ የምትሄድ መሆኗን አወቅሁ። ከዚያ ወዲህ ኩባንያዎቹ ሞኖ ማተም አቆሙና ዓለም ለአርባ ዓመት ያህል የሰማው በአብዛኛው የስቴሪዮውን ሆነ። የሞኖው ቅንብር ተሰብስቦ በሲዲ የወጣው በ2009፣ በሸክላ የወጣው ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ነው። በነዚህ መካከለኛ ዓመታት ሁሉ ደራሲዎቹ «ይህ ነው ሥራችን» ያሉትን ያቈየው ማን ነው? በየሰዉ ቤት በአልጋ ሥር የተቀመጠው አሮጌው ሸክላ ነው።

ይህ ነገር የአንድ ሸክላ ብቻ ዕድል አይደለም። የጂሚ ሄንድሪክስ የመጀመሪያ ሸክላ በ1967 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሜይ ወር፣ በአሜሪካ በኦገስት ሲወጣ ስሙ አንድ ሆኖ ሽፋኑም ዘፈኖቹም የተለያዩ ነበሩ። የ«ሪቮልቨር» ነገር ደግሞ ይበልጥ የሚያስገርም ነው። የመጨረሻውን ዘፈን ቅንብር ጆርጅ ማርቲን በመጨረሻው ሰዓት በሌላ እንዲተካ ሲያዝ፣ ማተሚያው ጥቂት ሸክላዎች አትሞ ነበር። እነዚህ የሚታወቁት በሁለተኛው ገጽ ላይ በተጻፈው ቁጥር ነው፤ 606 ከሚለው ቀጥሎ ሰረዝና 1 ካለበት የተለወጠው ሳይደርስ የታተመ ነው። ዞምቢስ የተባሉት በ1968 ዓ.ም. ያወጡት ሸክላ ደግሞ ሽፋኑን የሣለው ሰው «ኦዲሲ» የሚለውን ቃል ፊደሉን አሳስቶ ጽፎት፣ እስከ ዛሬ ከነስሕተቱ ይታተማል። የሚያሳዝነው ግን ሸክላው ሲወጣ ማኅበራቸው ፈርሶ ነበር፤ ከላዩ ያለው አንድ ዘፈን በአሜሪካ ዝነኛ የሆነው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ስሞል ፌስስ የተባሉት በዚያው ዓመት ሽፋኑን እንደ ትምባሆ ቆርቆሮ ክብ አድርገው አወጡት፤ እንዲህ ያለውን በመደርደሪያ ለማቆም የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል።

እንግዲህ የመጀመሪያው እትም በምን ይታወቃል? ሻጭ በሚናገረው አይደለም፤ ሸክላው ራሱ በሚናገረው ነው። ፈሩ ካለቀበት አንሥቶ መሐል ላይ እስከ ተለጠፈው ወረቀት ድረስ ባለው ባዶ ስፍራ፣ ወደ መብራት አዘንብለው ቢመለከቱ ቁጥሮችና ፊደሎች ተጭረው ይታያሉ። እነዚህ እንደ ደብዳቤ የወጪ ቁጥር ናቸው። በኢ.ኤም.አይ. ማተሚያ ቤት ደግሞ ማተሚያው ስንተኛ እንደሆነ በፊደል ይጻፍ ነበር፤ ከድሮው የኩባንያው ስም፣ ከ«ግራሞፎን ሊሚትድ» የተወሰዱ ዐሥር የላቲን ፊደሎች ለዐሥሩ ቁጥሮች ተመድበው፣ የመጀመሪያው ፊደል አንድ፣ የመጨረሻው ዜሮ ማለት ነው። የወረቀቱም ቀለም ይመሰክራል። በ1967 ዓ.ም. የፓርሎፎን ወረቀት ጥቁር ሆኖ ጽሑፉ ቢጫ ነበር፤ ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ ግን ጥቁርና ብርማ ሆነ።

ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። አንድ ጊዜ ለሥራ ወደ ውጭ አገር ተልኬ ሳለ፣ የቀን አበሌን ቈጥቤ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ «የመጀመሪያው ነው» ያለኝን «ሳርጀንት ፔፐር» ገዛሁ። ሽፋኑ በእርግጥ የ1967 ዓ.ም. ነበር። ከሆቴሌ ገብቼ ሸክላውን ባወጣው ግን ወረቀቱ ብርማ ሆኖ አገኘሁት፤ ለካ አሮጌ ሽፋን ውስጥ ኋላ የታተመ ሸክላ ከቶበት ኖሯል። ሽፋኑን አይቶ ውስጡን ሳይመለከት የፈረመ ሠራተኛ በማን ይፈርዳል?

ስለ ዋጋው ብዙ አልናገርም። የመጀመሪያው እትም፣ ያልተጫረ ከሆነ፣ ብዙዎቻችንን የወር ደመወዛችንን ሊያስረክበን ይችላል። ነጋዴዎች ሸክላን በደረጃ ይከፍሉታል፤ ከሁሉ የበላዩን ደረጃ ከገንዘብ ማተሚያ እንደ ወጣ ሳንቲም ነው ይሉታል። ሻጩ በማየት ብቻ የሰጠውን ደረጃ ሳይሆን አጫውቶ በመስማት የሰጠውን ይመኑ። ለመስማት ብቻ የሚፈልግ ሰው የ2014ቱን የሞኖ እትም ቢገዛ አንዳች አይጐድልበትም ብዬ አምናለሁ፤ ሰብሳቢዎች በዚህ ይቈጡኝ ይሆናል።

ደግሞ ገዝቶ የማይሰማ ሰው አለ። በዋሽንግተን የሚኖር አንድ ወዳጄ ከፋብሪካ በወጣበት ፕላስቲክ እንደ ተጠቀለለ የሚያስቀምጠው ሸክላ አለው። ዋጋው እንዳይቀንስ ነው ይለኛል። ፕላስቲኩ ግን በዘመን ብዛት እየተኰማተረ ሸክላውን ሊያጣምመው እንደሚችል ብነግረው ሊሰማኝ አልፈለገም። ሸክላ ክር ሲጠፋ ምስክር ሆኖ የሚቀር ነገር ነው። በ2008 ዓ.ም. በሆሊውድ በአንድ ትልቅ የፊልም ኩባንያ ቅጽር ግቢ በተነሣው ቃጠሎ የዘፈን ዋና ክሮች ተቃጥለዋል። በ2020 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ላይ ላከር የተቀባውን ሳህን ከሚሠሩት ሁለት ፋብሪካዎች አንዱ በካሊፎርኒያ ተቃጠለ። ይህ የሆነው ሸክላ እንደገና በሚፈለግበት ጊዜ ነው፤ በ2022 ዓ.ም. በአሜሪካ ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሲዲ ይልቅ ሸክላ በብዛት ተሽጧልና።

እዚህ ላይ የኛንም አገር ማንሣት ተገቢ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ የተባለው ወጣት በ1969 ዓ.ም. ደፍሮ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። በዚያን ጊዜ የወጡት ትንንሽ ሸክላዎች፣ ኦርጋናቸውና የጊታራቸው ጕርምርምታ ዘመኑን የሚመሰክር ነው። ዛሬ የፈረንጅ ሰብሳቢ እነዚህን ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። እኛ ግን በየጓዳው ምን እንዳለን ገና አልቈጠርንም።

ስለ አያያዙ ጥቂት ልጨምር። ሸክላ የሚያዘው በጠርዙና በመሐሉ ወረቀት ነው፤ ፈሩን ጣት አይንካው። መጽሐፍ እንደሚደረደር ቀጥ አድርጎ ማቆም እንጂ አንዱን በአንዱ ላይ መከመር አይገባም። ፀሐይ ያጣምመዋል፤ የክረምት እርጥበት ሽፋኑን ያሻግተዋል፤ የበጋ አቧራ ፈሩ ውስጥ ገብቶ ከመርፌው ጋር እየተፋጨ ድምፁን ይበላዋል። ለስላሳ ብሩሽ ሁልጊዜ፣ የተጣራ ውሃ አልፎ አልፎ ይበቃል። ከሸክላው ይልቅ ብዙ ሰው የሚረሳው መርፌውን ነው። የደነዘዘ መርፌ እንደ ደነዘዘ ምላጭ ነው፤ በአንድ ማታ የሚያበላሸውን ሌላ መርፌ አይጠግነውም።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ የራሴ ጥፋት ነው። አጎቴ በሎንዶን ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ አንድ ሣጥን ሸክላ ይዘው መጥተው ነበር፤ ከነዚያም አንዱ የሞኖው «ሳርጀንት ፔፐር» ነው። ሲሞቱ ሣጥኑ ለኔ ደረሰኝ። እኔም የማላውቅ በመሆኔ ሸክላዎቹን ደራርቤ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ኮርኒስ በሌለው ዕቃ ቤት አኖርኋቸው። ሦስት በጋ አልፎ ባወጣቸው አብዛኞቹ እንደ ምጣድ ጐብጠው ነበር። የ«ሳርጀንት ፔፐር» መጨረሻ፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ፒያኖዎቹን መትተው ድምፁ ከአርባ ሴኮንድ በላይ እየሳሳ የሚሄድበት ስፍራ አለ። መሐንዲሱ ድምፁ ሲደክም ማይክሮፎኑን እያጐላ ስለሄደ፣ በመጨረሻ በክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። አጎቴ ሸክላውን ሲያጫውቱ እዚያ ሲደርሱ እጃቸውን አንሥተው ዝም ያሰኙን ነበር፤ ምን እንደሚጠብቁ ግን አልገባኝም ነበር። በጐበጠው ሸክላ ላይ መርፌው እዚያ ሳይደርስ ይዘላል። ወንበሩን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በሌላ ሰው ሸክላ ላይ ነው።